የጨው ጋን

መምህር ሕሩይ የሞቱት ሐሙስ ቀን፣ ለምሳ ሰዓት ትንሽ ሲቀረው፣ እጃቸውን ጋን ውስጥ እንደነከሩ ነው። ኢንስፔክተር እታገኝ ተጠርታ ስትደርስ ሬሳው ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተንጋሎ ነበር። የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ ክርን ተጠቅልሏል። ጣቶቻቸው ላይ ነጭ ጨው ደርቋል። አንገታቸው ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ማተብ ዞሮ፣ ጫፉ ላይ ያለው ሶኬት ደረታቸው ላይ አርፏል። ሶኬቱ ሥሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል።

እታገኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ስትመረምር ኖራለች። በኤሌክትሪክ የሞተም አይታለች። ሶኬቱን ነቅሎ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለ በኋላ በኤሌክትሪክ የሞተ ሰው ሲያጋጥማት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሐኪሙ በበኩሉ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ ብሎ ቁርጡን ነግሯታል።

«ይህን ነገር ማን ያስረዳኛል?» አለች ዞር ብላ።

መድረኩ ጠርዝ ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠ ወጣት ተነሳ። ግራሶ የጠገበ ቱታ ለብሷል። ጠሀ ይባላል። የዚሁ ኮሌጅ የቴአትር ክፍል ምሩቅ ነው፤ በተማረበት ሥራ ሲያጣ ወሰን ሰፈር ከሚገኙት ጋራዦች አንዱ ውስጥ ተቀጠረ። እንዲያም ሆኖ በየምሳ ሰዓቱ እየመጣ የአዳራሹን መብራት ያለ ክፍያ ይጠግናል። ሬሳውን ያገኘውም፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ ተሰክቶ የቀረውን ሌላ ሶኬት የነቀለውም እሱ ነው።

«የሚያስረዳ ነገር የለውም፤ እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ከመድረኩ ሥር ገብቼ ገመዶቹን ስጠግን አቀያይሬያቸዋለሁ። ጋሼ በኔ ስህተት ነው የሞቱት። ውሰዱኝ።»

እታገኝ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው አትወድም። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ጥፋቱ አንቆታል፣ ወይ ሌላ ሰው ከጀርባው ደብቋል። ሆኖም ራሱን ጥፋተኛ ያደረገን ሰው ቤትህ ሂድ ማለት አይቻልም። ጠሀ ወደ ጣቢያ ተወሰደ። ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሌላ እውነት ካልተገኘ ሰው ገድሎ የገባ ሆኖ ይቀራል።

አዳራሽ ይሉታል እንጂ ቤቱ የእህል መጋዘን ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያው ዝናብ ሲጥል ተዋናዮቹን ጸጥ ያሰኛል። የመድረኩ መብራቶች ከባዶ የወተት ጣሳ የተሠሩ ናቸው። ክፍሉ ድሮ አምስት መምህራን ነበሩት፤ አንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ጥሎ ሄደ፤ ሕሩይና ረዳታቸው ናዝሬት ከሰባት ተማሪ ጋር ቀሩ። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» እያሉ ሕሩይ በራሳቸው ይቀልዱ እንደነበር እታገኝ በኋላ ሰማች። አሁን ግን የሚቀልድ የለም።

ናዝሬት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን አይንቀጠቀጥም። እታገኝ ስለ ጋኑ ጠየቀቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴአትር መብራትን ቀስ አድርጎ የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ መሣሪያ ይፈልጋል። ሕሩይ አሥራ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጻፉ፤ መሣሪያው አልመጣም። ስለዚህ ከሾላ ገበያ የጠላ ጋን ገዙ። ጋኑን ጨው በበዛበት ውሃ ሞሉት፤ አንድ ቆርቆሮ ከውሃው ሥር አስቀመጡ፣ ሌላውን በሲባጎ ከላይ አንጠለጠሉ። ኤሌክትሪኩ በጨው ውሃው አልፎ ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። የላይኛው ቆርቆሮ ውሃው ውስጥ ሲወርድ የወተት ጣሳዎቹ ይደምቃሉ፣ ሲወጣ ይደበዝዛሉ። በዚያ መድረክ የነጋውና የመሸው ሁሉ ከዚያ ጋን የወጣ ነው። ቆርቆሮዎቹ ስለሚዝጉ ከየትዕይንቱ በፊት ውሃው ይቀየራል፣ ቆርቆሮዎቹም በእጅ ይፈተጋሉ።

«አደገኛ መሆኑን እናውቃለን» አለች ናዝሬት። «ለዚህ ነው ሕጉ የወጣው። እጁን ጋኑ ውስጥ የሚያገባ ሰው መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅሎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። አንገትህ ላይ ያለውን ማንም ሳታውቅ አይሰካብህም። ጋሽ ሕሩይ ለአዲስ ተማሪ የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው ይህ ነው። በር ዘግተው፣ አንድ በአንድ አንገታቸው ላይ እያንጠለጠሉ ያስምሏቸዋል።»

«ቀዩ ጨርቅስ?»

«ሁለት ገመዶች አሉ፤ አንዱ የጋኑ፣ አንዱ የድምፅ ማጉያው። አንድ ዓይነት ናቸው። ከመድረኩ ሥር አልፈው በአንድ ቀዳዳ ስለሚወጡ የትኛው የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም። ቀይ ጨርቅ ያለበት የጋኑ ነው።»

እታገኝ ጎንበስ ብላ ሟቹ አንገት ላይ የነበረውን ገመድ ያዘችና ሳበችው። ጋኑ አልተነቃነቀም። ከመድረኩ ማዶ የድምፅ ማጉያው ሳጥን ወለሉን እየፋቀ አንድ ክንድ ያህል ተጎተተ። ናዝሬት አፏን በእጇ ሸፈነች።

ሕሩይ ሕጉን አልጣሱም። ሕጉን ጠብቀው፣ ቀይ ጨርቅ ያለበትን ነቅለው፣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሞቱት። የጋኑ ሶኬት እዚያው ማከፋፈያው ላይ ተሰክቶ ነበር።

ይህ ከጠሀ ቃል ጋር ይገጥማል። ከመድረኩ ሥር ገመዶቹን አቀያይሮ ከሆነ ጨርቁ የትኛውን ገመድ እንደሚያመለክት ጠፍቶበታል ማለት ነው። እታገኝ ግን የሰው ቃል ሲገጥምላት ይበልጥ የምትጠራጠር ሴት ናት። የደንብ ልብሷን ጃኬት አውልቃ፣ ባትሪ ይዛ፣ በሃምሳ ዓመቷ ከመድረኩ ሥር በደረቷ ገባች። ስትወጣ ፀጉሯ በሸረሪት ድር ተሸፍኖ ነበር። ቀጥሎ ሁለቱን ሶኬቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሁለቱም ድሮ ነጭ የነበሩ፣ የእጅ እድፍ ያጠቆራቸው ናቸው። ቀይ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፣ ደብተሯ ላይም አንድ መስመር ጻፈች።

ዲኑ ዘነበ ገና አርባ አልሞላውም። ቢሮው ውስጥ የአዳራሹ ንድፍ ተዘርግቷል፤ መድረኩ ባለበት ቦታ የመኪና ማንሻ ተሥሎበታል። ሊደብቀውም አልሞከረም። ቅዳሜ ኮሚቴ መጥቶ ትዕይንቱን ያያል፣ ክፍሉ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብሎ ይወስናል፤ ቢዘጋ አዳራሹ የመኪና ጥገና መለማመጃ ይሆናል።

«እኔ ቴአትር አልጠላም ኢንስፔክተር» አለ። «ሰባት ተማሪ ይዤ ግን ምን ብዬ ልከራከር? መምህር ሕሩይ ራሳቸው ማክሰኞ ዕለት ይዘጋ ብለው ፈርመውልኛል። ናዝሬት ይህን ሰምታ አዳራሹ እስኪናወጥ ተጣልታቸዋለች። እሱንም ይመዝግቡልኝ።»

«ፈርመው ከሆነ ኮሚቴው ለምን ይመጣል?»

«ለወጉ ነው። እኔም ለናዝሬት፣ ቢያንስ እድፍ አይታይባችሁ ብዬ ነግሬያታለሁ።»

ናዝሬት ጠቡን አልካደችም። የተሻለ ሥራ ሁለት ጊዜ መጥቶላት ትታ የቀረችው ለዚህ ክፍል ብላ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሕሩይን ከዳተኛ ብላቸዋለች፤ እሳቸውም፣ ልጆቹ ሌላ ሙያ ሳያመልጣቸው ይሂዱ፣ እኔ ደክሞኛል ብለው መለሱላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራ ካልሆነ አልተነጋገሩም።

«ይቅርታ ሳልላቸው ሞቱ» አለች። «ግን በጋኑ? በጋኑ ሰው መግደል ለኛ በታቦት ፊት እንደመግደል ነው።»

«ሶኬቶቹን ማን ሰካቸው?»

«እኔ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ሶኬቶቹ ተነቅለው መሬት ላይ ነበሩ። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ሁለቱንም ሰካሁና ድምፁን ሞክሬ ወደ ክፍል ገባሁ። ጋሽ ሕሩይ ውሃውን ሊቀይሩ ብቻቸውን ቀሩ።»

የልብስ ክፍሉ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። እዚያ ወይዘሮ ወለተማርያም የታጠበ ካባ ከገመድ ላይ ያወርዳሉ። አልባሳቱን የሚጠብቁ፣ አዳራሹንም የሚያጸዱ እሳቸው ናቸው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰፈር በየማለዳው በእግራቸው ይወርዳሉ፣ ሲመሽ ይወጣሉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ጣቶቻቸው በሳሙና ተሰነጣጥቀዋል።

እታገኝ ጥግ ካለው ሳጥን ላይ ተቀምጣ አዋየቻቸው። መጀመሪያ ስለ ልብሱ ጠየቀች። ናዝሬት የጨርቅ ዘር የተባለ ሁሉ ይታጠብ ስላለቻቸው ረቡዕ ሲያጥቡ ውለዋል፤ ሐሙስ በማለዳ የደረቀውን ሁሉ ወደየቦታው መልሰዋል። ስለ ጋኑ ስትጠይቃቸው አማተቡ።

«ያንን ጋን እፈራዋለሁ። መብራት ካለ ወደዚያ ጥግ ዝር አልልም» አሉ። ከዚያ ካባውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው እያለሳለሱ፣ እስካሁን ይዘውት የቆዩትን አወጡት። «ልጁን ትለቁታላችሁ?»

«ጠሀን?»

«ሦስት ዓመት ምሳዬን ለሁለት ተካፍለን በልተናል። እሱ ሲጾም እኔ አልጾምም፣ እኔ ስጾም እሱ አይጾምም፤ እንዲያው ተቻችለን። ያ ልጅ የሰው ነፍስ አያጠፋም። እውነቱ የተቀበረ ከሆነ ቆፍረው ያውጡልኝ። ማንንም ቢነካ ያውጡልኝ።»

እታገኝ ለቃሏ የምትቆጠብ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ሳታስብ «አወጣዋለሁ» አለቻቸው። ከልብስ ክፍሉ ስትወጣ ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ በቃሏም ያንኑ ደቂቃ ተጸጸተች።

አርብ ጠዋት ጣቢያ ወርዳ ጠሀን አስጠራችው።

«ከመድረኩ ሥር አልገባህም» አለችው። «ድሩ አልተበጠሰም፣ አቧራው ላይ ከአይጥ ኮቴ ሌላ የለም። ትናንት ሬሳውን ስታገኝ ቀዩን ጨርቅ የት እንዳለ አየህ። ታጥቦ መጽዳቱንም አየህ። ማን እንዳጠበውም ወዲያው ገባህ።»

ጠሀ ቱታው ላይ ያለውን የግራሶ ጠብታ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። እንደዚያው እየፋቀ፣ ይተዉት አላት። እሱ ወጣት ነው፤ ታስሮ ይወጣል። እሳቸው ግን ይህን ካወቁ አንድ ሌሊት አያድሩም።

«በእናትዎ ኢንስፔክተር» አለ። «እውነት ለማን ይጠቅማል?»

ሁለት ሰዎች ለምነዋታል፤ አንዷ አውጪው ብላ፣ አንዱ ቅበሪው ብሎ። ቃል የገባችው ግን ለአንደኛዋ ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዲኑ ፊት ወንበር ላይ ሰዓቱን እያየ ተቀምጧል። ናዝሬት ጥግ ይዛለች። ጠሀ እጁ በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጥቷል። ወይዘሮ ወለተማርያም ልጁ ቀዝቅዞት ይሆናል ብለው ከአልባሳቱ መካከል አንድ ጋቢ አምጥተው አለበሱት። እታገኝ መድረኩ ላይ ወጣች። መድረክ አትወድም፤ በልጅነቷ በቀበሌ ኪነት የሙሽራ እናት ሆና ወጥታ፣ የምትለው ጠፍቷት፣ ሕዝቡ እስኪስቅባት ቆማ ቀርታለች።

«ጠሀ ዋሽቷል» ብላ ጀመረች። «ከመድረኩ ሥር ማንም አልገባም። ስለዚህ የተቀየረው ገመዱ አይደለም፤ ምልክቱ ነው።»

ሁለቱን ሶኬቶች ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። የድምፅ ማጉያው ሶኬት ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ጨርቁን ፈታችው። ሥሩ እንደሌላው አካሉ ሁሉ ጠቁሯል። ከዚያ ጨርቅ ያልታሰረበትን፣ የጋኑን ሶኬት፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በጥቁሩ እድፍ መሃል እንደ ቀለበት የዞረ አንድ ጣት የሚያህል ነጭ መስመር አለ።

«ቀለበት የኖረበት ጣት ቀለበቱ ሲወልቅም ይታወቃል። ቀዩ ጨርቅ ለዓመታት የታሰረው እዚህ ነበር። አንድ ሰው ፈትቶ፣ መልሶ ሲያስር ሌላው ላይ አሰረው።»

«እንግዲያው ግድያ ነው» አለ ዘነበ። ዓይኑ ወደ ናዝሬት ሄደ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ጨርቁን ግን አሸተቱት? ሳሙና ሳሙና ይላል። ለመግደል የተነሳ ሰው ጨርቅ አጥቦ አያሰጣም። ፈትቶ እዚያው ያስራል። ይህን ያደረገው ሰው ጨርቁ እንዲጸዳ ብቻ ነበር የፈለገው። የጨርቁን ትርጉም ቢያውቅ ደግሞ ሲመልስ ይጠነቀቅ ነበር። የዚህ ክፍል ተማሪና መምህር ሁሉ ትርጉሙን ምሎ የተቀበለ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

ለናዝሬት ቀድሞ ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ፣ «እኔ ነኝ ሁሉም ይታጠብ ያልኩት» አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ። ጠሀ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

«ስሙን ይንገሩን እንጂ» አለ ዘነበ።

እታገኝ ቃሏ ጠፋት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይቶ ዛሬም መድረክ ላይ ያው ዝምታ መጣ። ልትለው አዘጋጅታ ነበር፤ አፏ ግን እምቢ አላት።

«ስሙማ የኔ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ወይዘሮ ወለተማርያም ተነስተው ቆመዋል። «የዚህ ቤት ጨርቅ የማጥበው እኔ ብቻ ነኝ። ረቡዕ መብራት ስላልነበረ ወደ ጥጉ ደፍሬ ሄድኩ። ሶኬቶቹ መሬት ላይ ነበሩ፤ አንዷ ላይ ያደፈች ቁራጭ ነበረች፤ ፈትቼ አጠብኳት። ሐሙስ በማለዳ፣ መብራት ሳይመጣ፣ መልሼ አሰርኳት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነት ያለው አልመሰለኝም።» ዙሪያውን አዩ። «ምንድን ነበረች?»

ናዝሬት ወደ መሬት አቀረቀረች።

«ጨርቋ ምንድን ነበረች ናዝሬት? ምን ነበረች ልጄ ጠሀ?»

እታገኝ ከመድረኩ ወርዳ እጃቸውን ይዛ ነገረቻቸው። ስለ ሁለቱ ገመዶች፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ አንገቱ። እስከ መጨረሻው ሰሙ። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሕሩይ አዲስ ተማሪ በሚያስምሉበት ቀን፣ ወንበሩን ጠርገው በሩን ከውጭ የሚዘጉላቸው እሳቸው ነበሩ። ይግቡ ያላቸው አልነበረም፤ ሳይታሰብ ቀርቶ እንጂ በክፋት አይደለም።

«ለእኔም ነግራችሁኝ ቢሆን» አሉ ብቻ፣ ቃሉን አልጨረሱትም።

ዘነበ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮሚቴው እንዳይመጣ ስልክ እንደሚደውል፣ ከሰኞ ጀምሮም አዳራሹ እንደሚጸዳ ተናገረ። የተቃወመው አልነበረም። ናዝሬት ቀዩን ጨርቅ ከወለሉ አነሳችና የጋኑ ሶኬት ላይ፣ ነጩ ቀለበት ላይ በትክክል አሰረችው። ከእንግዲህ ማንም የማይሰካው ሶኬት ነው።

የጠሀ እጅ ተፈታ። እታገኝ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ለምኜዎት ነበር» አላት። መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ሕግ ሕግ ነውና ወይዘሮ ወለተማርያም ቃላቸውን ለመስጠት ወደ ጣቢያ መሄድ ነበረባቸው። መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ያልፋል፤ ምን እንደሚወስን እታገኝ አታውቅም። ጠሀ ሲመጣ ተቀምጦበት በነበረው የመኪናው ወንበር ላይ፣ እታገኝ አጠገብ ተቀመጡ። ከወሰን ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ተዘጋግቶ ነበር። የታክሲ ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ሰው ይጋፋል፣ ባሕር ዛፍ የለበሰው የእንጦጦ ተራራ በኋላ መስኮት ይርቃል። እስካሁን እርስዎ ይሏት የነበሩት ሴትዮ አሁን እንደ ልጃቸው አዋሯት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ጨርቋን ባላጥባት መምህር ሕሩይ ይተርፉ ነበር?»

እታገኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ውሸት ነግራ አታውቅም። ዞር ብላ ዓይናቸውን አየች።

«አይተርፉም ነበር» አለች። «ጋኑ አርጅቶ ነበር። ያን ዕለት ባይሆን በሌላ ቀን ይገድላቸው ነበር። የርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ወይዘሮ ወለተማርያም ፊቷን ለረጅም ጊዜ አጠኑት። አሥራ ሁለት ዓመት ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ማን እንደሚሆንለት፣ ማን እንደማይሆንለት አይተዋል።

«ቴአትር አይሆንልሽም ልጄ» አሉ። እጇን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገውላት ወደ መስኮቱ ዞሩ።